ለእረፍት ደቡብ አውሮፓ ስትሄዱ የእሳት እራቶችን እንዴት መመዝገብና መለየት ይቻላል

ጁን ሲገባ የሚደርሰኝ መልእክት አንድ ዓይነት ነው። ከጣሊያን፣ ከግሪክ ወይም ከስፔን የተላከ ደብዘዝ ያለ ፎቶ፤ ከሥሩ "በረንዳችን ላይ መጥቶ ነው፣ ምንድን ነው?" የሚል ጽሑፍ። ፎቶው ላይ አንድ ቡናማ ነገር ይታያል። የትኛው ከተማ? በየትኛው ወር? ጥፍር ያክላል ወይስ መዳፍ? ምንም የለም። ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ እየገመተ ነው።

ስለዚህ አሠራሩን ከነምክንያቱ አንዴ ጻፍኩት። ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፦ ስም ማውጣት የመጨረሻው ሥራ ነው። በደንብ የተመዘገበ የእሳት እራት ዛሬ ስሙ ባይታወቅ ከወራት በኋላም ይታወቃል። ቦታና ቀን የሌለው ግን ስም ቢወጣለትም ብዙም አይረባም። ጣሊያን ብቻዋን ከ5000 በላይ የቢራቢሮና የእሳት እራት ዝርያዎች አሏት፤ ከዚህ ውስጥ ቢራቢሮው 300 ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በሙሉ የእሳት እራት ነው። እናም "ቡናማ ነው፣ ነጠብጣብ አለው" ማለት የትም አያደርስም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አሮጌ ነጭ የጥጥ አንሶላ። የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሆቴሉን አትንኩ። ጠዋት በክንፍ ዱቄትና በኩስ ተለውሶ ታገኙታላችሁ። በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጭ ጨርቅ ይመረጣል፤ ሳሙናው ውስጥ ያለው ማንጫ በአልትራቫዮሌት (ለሰው ዓይን በማይታየው) ብርሃን ቦግ ይላል።
- በዩኤስቢ የሚሠራ አልትራቫዮሌት ኤልኢዲ መብራት። ዕቃው ላይ ከ365 እስከ 395 ናኖሜትር የሚል መጻፍ አለበት። ለጭፈራ ቤት የሚሸጠው ሐምራዊ አምፖል ብዙውን ጊዜ ቀለም ብቻ ነው።
- ፓወር ባንክ። 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚለው 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ ከሚፈቀደው 100 ዋት-ሰዓት በታች ነው። ግን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም።
- ገመድና የልብስ መቆንጠጫ።
- የእንቁላል ካርቶን ትሪ፣ ሁለት ሦስት። ከቤት መጎተት አያስፈልግም፤ ያረፋችሁበትን ቤት ወጥ ቤት ጠይቁ፣ ደስ ብሏቸው ይሰጧችኋል።
- ክዳን ያላቸው ጥርት ያሉ ትንንሽ ብልቃጦች። የቅመም ዕቃ ታጥቦ ይሆናል።
- ማስመሪያ ወይም ባለ 5 ሚሊሜትር ካሬ ወረቀት።
- ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ጤዛ ሲነካው ይለቀልቃል።
- የግንባር መብራት፣ ቀይ ብርሃን ያለው ቢሆን ይሻላል።
- አልትራቫዮሌት የሚከላከል መነጽር።
- ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ። በጣት ከመንካት ያድናል።

አሠራሩ

1. ወሩንና ጨረቃዋን አይታችሁ ሂዱ

ብዙ ሰው የሚሄደው ጁላይና ኦገስት ላይ ነው፤ የልጆች ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ስለሆነ። ለእሳት እራት ግን በሜዲትራኒያን ዳርቻ ምርጡ ጊዜ ከኤፕሪል እስከ ጁን አጋማሽ፣ ከዚያም ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው። በመሃል ያለው ድርቅ ሲበረታ ሣሩ ይደርቃል፣ ለትሎቹ የሚበላ ይጠፋል፣ ብዙ ዝርያዎችም ሙቀቱን ተደብቀው ያሳልፉታል። ጁላይ ላይ ካልሆነ አይመቸንም ካላችሁ ከባሕሩ ራቅ ብላችሁ ወደ ተራራው ውጡ። ከ1000 ሜትር በላይ ገና አረንጓዴ ነው።

የጨረቃንም አቆጣጠር እዩ። ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሌሊት ወደ መብራት የሚመጣው ቁጥር በጣም ያንሳል። ጨረቃ የሌለችበት፣ ደመና ያለው፣ ሞቅ ያለና ነፋስ የሌለው ሌሊት ካገኛችሁ እንቅልፍ ይቅርባችሁ። ከደቡብ፣ ከሰሃራ በኩል የሚነሳው ሲሮኮ የሚባለው ነፋስ ነፍሶ ጋብ ሲል ደግሞ ከሰሜን አፍሪካ የሚሰደዱ ዝርያዎች አብረው ይመጣሉ። በኤጂያን ደሴቶች በበጋ የሚነፍሰው የሰሜን ነፋስ ግን ተቃራኒው ነው፤ አንሶላውን ሸራ አድርጎት ያድራል። እዚያ ከግንብ ጀርባ የተከለለ ቦታ ፈልጉ።

2. ፈቃድ ጠይቁ

የተከራያችሁት ቤት ግቢ ከሆነ ባለቤቱን አስቀድማችሁ ንገሩት። እኩለ ሌሊት ላይ በነጭ አንሶላ ዙሪያ በግንባር መብራት የምትንጎራደዱ ሰዎችን ጎረቤት ሲያይ ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም። ብሔራዊ ፓርክና ጥብቅ ቦታ ውስጥ ግን የባለቤት ፈቃድ አይበቃም። በብዙዎቹ የደቡብ አውሮፓ አገሮች መብራት ተክሎ ነፍሳትን መሳብ ወይም መያዝ ከአስተዳደሩ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ለሽርሽር የሄደ ሰው ይህን ወረቀት በጥቂት ቀን ስለማያገኝ ከጥብቅ ቦታ ውጪ መሥራት ይቀላል።

መግደልም መሰብሰብም አያስፈልግም። ይህ መመሪያ ለፎቶ ብቻ ነው። እንደ ግራኤልሲያ ኢዛቤሌ ያሉ የስፔንና የፈረንሳይ ተራሮች ዝርያዎች በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቁ ናቸው።

3. መጀመሪያ ያለውን መብራት ዙሩ

አንሶላ ሳትሰቅሉ በፊት ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ያደረውን ሁሉ ጎሕ ሲቀድ ተመልከቱ፤ የሆቴሉን ኮሪደር፣ የመኪና ማቆሚያውን ግድግዳ፣ የገጠር ነዳጅ ማደያውን፣ የካምፕ መታጠቢያ ቤቱን። ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ዋና ነው። ወጪ የለውም፣ ሕግም አይነካም፣ ቅዝቃዜው ስላደነዘዛቸው ለፎቶ ፀጥ ይላሉ።

ዘግይታችሁ ከሄዳችሁ ግን የምታገኙት የተቆራረጠ ክንፍ ነው። እንሽላሊቱ ከመብራቱ ሥር ማታውን ቦታውን ይዞ ይጠብቃል፣ ወፎቹም ንጋት ላይ ይደርሳሉ። ወለል ላይ የወደቀውን ክንፍ አትናቁት። የአንድ ትልቅ ዝርያ የኋላ ክንፍ ብቻውን ስም ለማውጣት የሚበቃበት ጊዜ አለ፤ ፎቶ አንሱት።

4. አንሶላውን ስቀሉ

ሁለት ዛፍ ወይም ሁለት ምሰሶ መሃል ገመድ ወጥሩና አንሶላውን በመቆንጠጫ ያዙት። ታችኛው ጫፍ መሬት ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ይነጠፍ። ብዙዎቹ ጨርቁን ነክተው ስለሚወድቁ መሬት ላይ ያለው ነጭ ከሌለ ሣር ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ፤ እናንተም ትረግጧቸዋላችሁ። መብራቱን ከፊቱ አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ አንጠልጥሉት። የእንቁላል ትሪዎቹን ከሥር ገልብጡ፤ ጨለማ ጉድጓድ ያገኘ የእሳት እራት እዚያው ገብቶ ይረጋል።

ፊቱ ወደ ቁጥቋጦ፣ ወደ ኦክ ዛፍ ወይም ወደ ወይራው እርሻ ይሁን። ወደ ባሕር ማዞር ትርፉ ትንሽ ነው። ከመንገድ መብራት ራቁ፤ ሁለት ብርሃን ከተፎካከረ የመንገዱ ያሸንፋል።

ፀሐይ እንደገባች አብሩት። በደቡብ ጣሊያን ጁን ላይ ይህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በርካታ ትንንሾችን ያመጣሉ። ትልልቆቹ ግን ዘግይተው ነው የሚመጡት፤ የአውሮፓ ትልቁ የእሳት እራት የሆነው ሳቱርኒያ ፒሪ አንዳንዴ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 15 ሴንቲሜትር ይሆናል። መጀመሪያ ሲመጣ የሌሊት ወፍ ነው ብላችሁ ጎንበስ ማለታችሁ አይቀርም።

ወደ መኝታችሁ ስትሄዱ መብራቱን አጥፉ። አብርቶ መተው ነፍሳቱን ለአዳኝ ማቅረብ ነው፣ ፓወር ባንኩም ያልቃል።

5. ብርሃን የማይስባቸውን በወይን ጥሩ

ይህ እርምጃ ቢቀርም ይቀራል፤ ግን ቀይና ሰማያዊ የኋላ ክንፍ ያላቸው ካቶካላ የሚባሉት ትልልቅ ዝርያዎች ከመብራት ይልቅ ጣፋጭ ነገር ይወዳሉ። አንድ ጠርሙስ ርካሽ ቀይ ወይን ውስጥ አንድ ኪሎ ስኳር ጨምሩና በቀስታ እያሞቃችሁ አሟሙ። አታፍሉት፤ የአልኮሉ ትነት እሳት ይይዛል። ወፍራም የጥጥ ገመድ ነክራችሁ ፀሐይ ስትገባ ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሉ። ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ በቀይ ብርሃን እየዞራችሁ እዩ። ነጭ ብርሃን ካበራችሁባቸው ተነሥተው ይበራሉ። ጠዋት ገመዱን ሰብስቡ፤ ካልሆነ ተርብና ጉንዳን ይወርሱታል።

6. ፎቶ አንሱ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። በስልክ ካሜራ ጥሩ ፎቶ ይወጣል፤ ችግሩ የሚያነሳው ሰው አንድ ብቻ አንስቶ መሄዱ ነው። ለእያንዳንዱ ቢያንስ አራት ያስፈልጋል።

ሀ. ከላይ ቀጥ ብሎ። ስልኩ ከክንፉ ጋር ትይዩ ይሁን። አዘንብላችሁ ካነሳችሁ የክንፉ ቅርጽ ይዛባል፤ መስመሮቹ የት ጋ እንደሚታጠፉም አይታይም።

ለ. ከጎን። ክንፉን ጣሪያ አስመስሎ ነው የሚያጥፈው ወይስ አንጥፎ? አፍንጫ የመሰለ ነገር ወደፊት ወጥቷል? ይህ ከላይ ሲታይ አይገባም።

ሐ. ጭንቅላትና አንቴና ቀረብ ብሎ። አንቴናው ክር ነው? ጥርስ አለው? ጫፉ ላይ ይወፍራል? ብዙ ክርክር የሚፈታው እዚህ ነው።

መ. የኋላ ክንፍ፣ ፈቃዱ ከሆነ። አንዳንዱ ራሱ ሲያንቀጠቅጥ ያሳያል። በብሩሹ ጫፍ የፊት ክንፉን በቀስታ ገፋ ብታደርጉትም ይሆናል። በጣት አትጎትቱ።

መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ካሬ ወረቀት አድርጉ። ከሌላችሁ የ1 ዩሮ ሳንቲም አስቀምጡ፤ ስፋቱ 23.25 ሚሊሜትር ነው፣ ማንም ሰው ያውቀዋል። የምትለኩት የተዘረጋውን ክንፍ ሳይሆን የአንዱን የፊት ክንፍ ርዝመት ነው፤ ከትከሻው እስከ ጫፉ። በሕይወት ያለ የእሳት እራት ክንፉን ዘርግቶ አይጠብቃችሁም።

የስልኩ ፍላሽ ነጭ አንሶላ ላይ ሲያርፍ ቀለሙን ያጠፋዋል። አንድ ንጣፍ ሶፍት በፍላሹ ላይ ብታደርጉ ብርሃኑ ይለሰልሳል። በአልትራቫዮሌቱ ብርሃን ብቻ የተነሳ ፎቶ ደግሞ ሁሉንም ሐምራዊ ስለሚያደርግ ለመለየት አይሆንም። እምቢ ያለውን፣ አላርፍ ያለውን በብልቃጥ ያዙና ጠዋት በተፈጥሮ ብርሃን ጥላ ሥር አንሱት። ለአሥር ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ያረጋጋዋል፤ በረዶ የሚሠራው ክፍል ውስጥ ግን በፍጹም። ብልቃጡን ፀሐይ ላይ አትተዉት። በደቡብ አውሮፓ የጠዋት ፀሐይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይገድላቸዋል።

7. እዚያው ጻፉ

"ፎቶው ሰዓቱንና ቦታውን ይዟል" አትበሉ። ፎቶ በመልእክት መተግበሪያ ሲላክ ይህ መረጃ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ካሜራ ከሆነም ሰዓቱ የመጣችሁበት አገር ሰዓት ላይ እንደቆመ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ሌሊት ከላይ አንድ ራስጌ ጻፉ፣ ከሥሩ ዝርዝሩን። ለምሳሌ፦

12/13 ጁን፣ ኦስቱኒ አቅራቢያ፣ ፑሊያ፣ ጣሊያን። ከፍታ 200 ሜትር ገደማ። አልትራቫዮሌት ኤልኢዲ፣ ነጭ አንሶላ። ወይራ፣ ኦክ፣ የድንጋይ አጥር። ደመና፣ ነፋስ የለም፣ 22 ዲግሪ። ከ21:00 እስከ 00:30።
ቁጥር 1፦ 21:40፣ ፎቶ 0412–0416፣ የፊት ክንፍ 14 ሚሊሜትር፣ 3 ፍሬ።

ቀኑ ለምን ሁለት ሆነ? ሌሊቱ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚቆረስ ነው። ከ12ኛው ቀን ማታ እስከ 13ኛው ቀን ንጋት ያለውን አንድ ሌሊት ብላችሁ ካልጻፋችሁት ግማሹ መዝገብ ወደ ሌላ ቀን ይሄዳል።

አሁን የእኛን ሰዎች የሚመለከት ነገር። ሰዓቱን በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ጻፉ። "3:40" ብላችሁ ጽፋችሁ እናንተ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ማለታችሁ ነው፤ መዝገቡን የሚያነበው ጣሊያናዊ ግን ሊነጋ ሲል ነው ብሎ ይረዳዋል። ቀኑም ዓመቱም እንዲሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን። ስልካችሁ ላይ የኢትዮጵያን ካላንደር የምትጠቀሙ ከሆነ ፎቶ ከመጫናችሁ በፊት አጣሩ።

ቁጥሩንም አትርሱ። "ብዙ" አይባልም። 3፣ 10፣ "ከ50 በላይ" ይባላል።

8. ልቀቁ

የያዛችኋቸውን ፀሐይ ሳትጠነክር፣ ከያዛችሁበት ብዙም ሳትርቁ፣ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ውስጥ ልቀቁ። ክፍት ሣር ላይ መርጨት ወፍ መቀለብ ነው። በተከታታይ ሌሊቶች እዚያው ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ራቅ አድርጉ፣ ያለበለዚያ ትናንት የቆጠራችሁትን ዛሬ ትቆጥራላችሁ። የእንቁላል ትሪውን ጉድጓድ አንድ በአንድ እዩ፤ ሁሌም አንድ የተረሳ አለ።

9. ከዝርያ በፊት ቤተሰቡን ያዙ

ሰው የሚሳሳተው ቀለም ላይ ስለሚያተኩር ነው። ቀለም ያረጃል፣ ይደበዝዛል፣ የአንዱ ዝርያ ወንድና ሴትም ይለያያሉ። አቀማመጡ ግን ያው ነው። ፎቶ ሐ እና ለ ላይ ተመርኩዛችሁ ቤተሰቡን፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚመደቡበትን ክፍል፣ እንዲህ ፈልጉ፤ ከመግለጫው ቀጥሎ ያለው የቤተሰቡ ሳይንሳዊ ስም ነው።

ወፍራም ሰውነት፣ ጠባብና ሹል ክንፍ ወደ ኋላ የወረደ፦ ስፊንጊዴ። ቀጭን ሰውነት፣ ሰፊ ክንፍ ተዘርግቶ ግድግዳው ላይ ልጥፍ ያለ፦ ጂኦሜትሪዴ። ደልደል ያለ፣ ክንፉን በጀርባው ላይ ያጠፈ፣ የፊት ክንፉ ላይ አንድ ክብና አንድ የኩላሊት ቅርጽ ምልክት ያለው፦ ኖክቱዊዴ። ትንሽ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ፣ እግረ ረጅም፣ ፊቱ ሹል፦ ክራምቢዴ። ክንፉ ተሰንጥቆና ተጠቅልሎ ቲ የሚለውን የላቲን ፊደል የሠራ፦ ፕቴሮፎሪዴ። ይህን ብቻ ብታውቁ ፍለጋው እጅግ ይቀላል።

ደጋግማችሁ የምታገኟቸውን ጥቂቶቹን ልንገራችሁ።

ማክሮግሎሱም ስቴላታሩም። በጠራራ ፀሐይ የጥብስ ቅጠልና ላቬንደር አበባ ላይ ሳያርፍ እየተንሳፈፈ ይመጥጣል። የኋላ ክንፉ ብርቱካናማ ነው። "ትንሽ ወፍ አየን" የሚሉኝ ሰዎች በአብዛኛው ያዩት ይህን ነው። ፎቶው ቢደበዝዝም ቪዲዮ ይበቃል።

አግሪየስ ኮንቮልቩሊ። ግራጫ፣ ትልቅ፣ ሆዱ ላይ በግራና በቀኝ ሮዝ ሰንበር ያለው። ጀምበር ስትጠልቅ ነጭ ረጃጅም አበቦች ላይ ይመጣል። በአፍሪካም ሰፊ ነው፤ ትሉ የስኳር ድንች ቅጠል ይበላል።

አኬሮንቲያ አትሮፖስ። ትከሻው ላይ የራስ ቅል የመሰለ ምልክት አለው። ሲነካ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ማር ሊሰርቅ ቀፎ ውስጥ ይገባል። አይናደፍም፣ አይነክስም። አያቶቻችሁ ፊት ግን ፎቶውን ባታሳዩ ይሻላል።

ሃይልስ ሊቮርኒካ። የፊት ክንፉ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ነጣ ያለ መስመር አለው፣ የክንፉ ደም ሥሮችም ነጭ ናቸው። ከዘመዱ ከሃይልስ ዩፎርቢዬ የሚለየው በእነዚህ ነጫጭ ደም ሥሮች ነው።

ሲዳሊማ ፐርስፔክታሊስ። ነጭ ክንፍ ቡናማ ጠርዝ ያለው፣ ቦክስዉድ የሚባለውን የአጥር ተክል የሚጨርስ። ከምሥራቅ እስያ የመጣ መጤ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው።

ሄሊኮቨርፓ አርሚጄራ። ገጠር ያደጋችሁ ትሉን ታውቁታላችሁ፤ አገር ቤት ሽምብራና ጥጥ የሚያጠፋው ጓይ ትል ነው። እናቲቱ ፈዘዝ ያለች ቡናማ ስለሆነች ግን ማንም ልብ አይላትም።

አሁን አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። በጣሊያን ቀን ላይ የሚበር ጥቁር፣ ነጭ ነጠብጣብና ሆዱ ላይ ቢጫ ቀለበት ያለው ታገኛላችሁ። አማታ ፌጌያ ነው ትላላችሁ። ግን ዚጌና ኤፊያልቴስ የሚባለው ከሌላ ቤተሰብ ሆኖ ሳለ ተመሳሳይ ልብስ ይለብሳል። አንቴናውን እዩ። ወደ ጫፉ የሚወፍር ከሆነ ዚጌና ነው፤ እስከ መጨረሻው ቀጭን ክር ከሆነ አማታ ነው። ጥሩ። ግን እዚህም አላለቀም፤ ጣሊያን ውስጥ ሌሎች የአማታ ዝርያዎች ስላሉ ከፎቶ ብቻ መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ "አማታ" ብላችሁ ቁሙ። ይህ ሽንፈት አይደለም፣ ትክክለኛ መዝገብ ነው። ዩፒቴሲያ የሚባሉት ትንንሾችም እንዲሁ ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚለዩት በማይክሮስኮፕ የመራቢያ አካላቸው ታይቶ ነው።

10. መተግበሪያውን ተጠቀሙ፣ ግን አትመኑት

አይናቹራሊስትም ሆነ ኦብስአይደንቲፋይ ነፃ ናቸው፣ ከፎቶ ስም ይጠቁማሉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ቦታና ቀን አስገቡ፣ ከዚያ ጥቆማውን ክፈቱ። ቦታ ሳይገባ የሚመጣው ጥቆማ አሜሪካ ብቻ የሚገኝ ዝርያ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ስም አትንኩ፤ አራት አምስቱን ከፍታችሁ ካርታቸውን እዩ። እናንተ ካላችሁበት በ500 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነጥብ አለ? በዚህ ወር ይታያል? የለካችሁት የክንፍ ርዝመት ይገጥማል? ሦስቱም አዎ ካልሆነ ወደ ቤተሰብ ደረጃ ተመለሱ።

የጀርመኑ ሌፒፎረም ድረ ገጽ ለአውሮፓ ዝርያዎች እጅግ ብዙ ፎቶ አለው፤ ለማነጻጸር ይጠቅማል። ለእንግሊዝ ወይም ለስዊድን የተዘጋጀ የኪስ መጽሐፍ ግን ይዛችሁ አትሂዱ። በደቡብ ያሉት በርካታ ዝርያዎች ውስጡ ስለሌሉ ሁሉንም ወደምታውቁት ስም ትጎትቱታላችሁ።

አራቱንም ፎቶ በአንድ መዝገብ ጫኑ፣ ለየብቻ አይሁን። ማስታወሻው ላይ መጠኑን ጻፉ። በአይናቹራሊስት ቢያንስ ሁለት ሰው በዝርያው ሲስማማ መዝገቡ ለምርምር የሚሆን ደረጃ ያገኛል፤ ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። አንድ ሰው "አይደለም" ብሎ ካረማችሁ ምክንያቱን ጠይቁት፣ በአብዛኛው ያስረዳል። የግል ቤት ግቢ ከሆነ ደግሞ ቦታውን አደብዝዞ የሚያሳየውን ምርጫ ተጠቀሙ፤ የሰው ቤት አድራሻ ነው።

ማስጠንቀቂያ

- አልትራቫዮሌት መብራትን ትክ ብላችሁ አትዩ። መነጽሩ ለዚህ ነው። ልጆችን ከመብራቱ ጀርባ አቁሟቸው።
- ትልልቅ ተርቦች በሌሊትም ወደ መብራት ይመጣሉ። አትምቷቸው። መብራቱን ለአሥር ደቂቃ አጥፉ፣ ይሄዳሉ። የእንቁላል ትሪ ስታነሱ ሥሩን ሳታዩ እጃችሁን አታስገቡ።
- ፓይን ዛፍ ላይ ነጭ የሐር ጎጆ ካያችሁ፣ ወይም መሬት ላይ ተከታትለው በሰልፍ የሚሄዱ ፀጉራም ትሎች ካያችሁ ራቁ። ታውሜቶፔያ ፒቲዮካምፓ ይባላል። ፀጉሩ ቆዳና ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ለውሻ ደግሞ ምላሱን እስከማሳጣት ይደርሳል። ሰልፉ የሚበዛው በክረምት መጨረሻና በጸደይ መጀመሪያ ነው።
- በጋ ላይ ደረቅ ሣር አጠገብ የሚግል አምፖል፣ ሻማ ወይም የጋዝ ፋኖስ አትጠቀሙ። ኤልኢዲ ብቻ። ግሪክ ውስጥ የእሳት አደጋ ከፍተኛ በሆነባቸው ቀናት ጫካ መግባት ይከለከላል፤ ማስታወቂያውን አዳምጡ።
- ኦሊያንደር የሚባለው ቁጥቋጦ መርዛማ ነው። የዳፍኒስ ኔሪን አረንጓዴ ትል ቅጠሉ ላይ ስታገኙ ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ ልጅ አታስይዙ።
- ሮድስ ደሴት ላይ ፔታሉዴስ በሚባለው ሸለቆ በየበጋው ዩፕላጊያ ኳድሪፑንክታሪያ በሺዎች ተሰብስቦ ያርፋል። ሰው ሲበሩ ለማየት ያጨበጭባል። አታጨብጭቡ፣ አታፏጩ። እንቁላል እስኪጥሉ ጉልበታቸውን ቆጥበው የተቀመጡ ናቸው፤ በተነሱ ቁጥር ያቺው ያለቻቸው ታልቃለች።

ተደጋጋሚ ስሕተቶች

አንድ ፎቶ ብቻ ማንሳት ዋናው ነው፣ ከላይ ብዬዋለሁ። ሁለተኛው ፎቶውን ከመጠን በላይ ቆርጦ መላክ ነው፤ ሳንቲሙም አብሮ ይቆረጣል። ሦስተኛው የሚያምረውን ብቻ መመዝገብ ነው። ያቺ ከአንሶላው ጥግ ያለችው 6 ሚሊሜትር የማትሞላ ግራጫ ለአካባቢው ባለሙያ ከትልቁ ይልቅ አዲስ ነገር ልትሆን ትችላለች። አራተኛው መዝገቡን "ቤት ስመለስ እጭነዋለሁ" ብሎ ማስተላለፍ። ቤት ስትመለሱ ሥራ አለ፣ የልጆች ትምህርት አለ፤ ፎቶው ስልኩ ውስጥ ይቀራል። እዚያው በረንዳ ላይ ከቡናችሁ ጋር ጨርሱት።

"ይዤ ልምጣ ወይ?" ለምትሉኝ፦ አይሆንም። ሕያው የእሳት እራትም፣ ትልም፣ ትል ያለበት ተክልም ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2017 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ሲደርስ በቆሎው ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ፤ እሱም የእሳት እራት ልጅ ነው። በአውሮፓ ኅብረትም ጥብቅ ክትትል ከሚደረግባቸው ተባዮች አንዱ ነው። በቆሎ ወይም የአትክልት ማሳ አጠገብ የተጠራጠራችሁትን ትል ካያችሁ ፎቶ አንስታችሁ፣ ቦታውን መዝግባችሁ ለዚያ አገር የዕፅዋት ጤና ቢሮ ላኩ። ቢሮው አድራሻውን በድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ በእንግሊዝኛ መጻፍም ይቻላል።